ታዛቢ ለመሆን ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ ላልሽኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን፣ "ጋሼ፣ የችሎት በጎ ፈቃድ ታዛቢ ለመሆን የሕግ ዲግሪ ግዴታ ነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። አይደለም አልኩሽ፤ ታዛቢ ችሎት ተቀምጦ ያየውን ሳያዳላ ጽፎ የሚያቀርብ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 በተጀመረ የሕግ ታዛቢነት ሥራ፣ አረንጓዴ ኮፍያ አድርገው ሰልፍ ከሚታዘቡት መካከል ጠበቃ ያልሆኑ ብዙ አሉ። ሥልጠና ይወስዳሉ፣ ኮፍያውን ካጠለቁ ደግሞ መፈክር አያሰሙም። ቤቴ ስገባ ግን የመለስኩልሽ ግማሹን ብቻ እንደሆነ ተሰማኝ።

ጀማሪ ጠበቃ ሳለሁ እዚሁ ሐዋሳ አንድ የስርቆት ክስ ልታዘብ ገባሁ። ተከሳሹ ከወላይታ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አክስቴ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ቡና አብረን ጠጥተናል። አክስቴ ተከራዮቿን ሳታስጠራ ቡና አትጠጣም ነበር፣ ነፍሷን ይማረው። ልጁን እንደማውቀው ግን ለታዛቢነት ለላኩኝ ሰዎች አልነገርኳቸውም፣ ብነግራቸው ሌላ ሰው ይተኩ ነበርና፣ እኔ ደግሞ ልረዳው ፈልጌያለሁ። ችሎቱ በአማርኛ ነው፤ የልጁ አማርኛ ከ"እሺ ጌታዬ" ብዙም አያልፍም። አስተርጓሚ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ሁሉንም ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ሳይቀር። ለዕረፍት ስንወጣ ግን እናቱ ስታለቅስ አይቼ አላስቻለኝም። ሄጄ አቀፍኳት፤ ዓቃቤ ሕጉ አየኝ።

ሪፖርቴ ሲቀርብ መልሱ አንድ ነበር፦ "ይሄ ታዛቢ ሳይሆን ዘመድ ነው።" አስተርጓሚ ስለመጥፋቱ ማንም አላነሳም። ፍርዱ ተነቦ ሲያወጡት ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በወላይትኛ "ምን አሉ?" አለኝ።

የዛሬ ልጆች በደል አይታችሁ ዝም አትሉም፣ በዚህ ከእኛ ትሻላላችሁ። ግን ስሜታችሁን ወዲያው ስልካችሁ ላይ ትለጥፋላችሁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትገቡ ማን ገለልተኛ ብሎ ይቀበላችኋል?

ዲግሪ አያስፈልግም ብያለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ሁለት አመልካች ቢመጣልኝ የሕግ ተማሪዋን ነው የምወስደው፣ ቀጠሮው ለምን እንደተለወጠ ቶሎ ስለሚገባት። ግን እኮ ያኔ እኔም ዲግሪ ነበረኝ።

እና ልጄ፣ ከተከራካሪዎቹ ጋር ትተዋወቂያለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁሽ፣ መንገድ ላይ ሰላም የምትይው ሰው እንኳ ቢሆን ተናገሪ። ሌላ ሰው ይላኩለት።