ጣና ላይ ስንት ቁጥር ቦርድ ይሻላል? የጎንደር ልጆች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለማያውቁት ላስረዳ፦ ካይትቦርድ ማለት እግርን በማሰሪያ አስገብተው አጭር ሰሌዳ ላይ ይቆማሉ፤ ነፋስ የሞላው ትልቅ የጨርቅ ካይት ደግሞ ውኃው ላይ እየጎተተ ያስኬድዎታል። እኔ የተማርኩት ግብፅ አገር፣ ሁርጋዳ ከተማ ሆቴል ውስጥ ስሠራ፣ ቀይ ባሕር ላይ ነው። ጎንደር ከተመለስኩ ወዲህ ጎርጎራ እየወረድኩ እሞክራለሁ። ያገኘኝ ሁሉ «ስንት ቁጥር (ማለትም ስንት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቦርድ) ልግዛ?» ስለሚለኝ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እነሆ መልሴን።

ከማራኪ፦ 62 ኪሎ ነኝ፣ ጀማሪ ነኝ። የሻጩ ሠንጠረዥ 134 ይለኛል። ልግዛ?

አትግዛ ወንድሜ። ያ ቁጥር ለለመደ ሰውና ጠንካራ ነፋስ ላለበት ቦታ ነው። ርዝመቱ 138፣ ወርዱ 42 ሳንቲ ሜትር የሆነ ውሰድ። እኔም በመጀመሪያ ሻጭ «ይበቃሃል» ብሎኝ ትንሽ ቦርድ ገዝቼ ነበር፤ አንድ ወር ሙሉ ውኃ ስጠጣ ከረምኩ። ሁላችሁም ርዝመቱን ትጠይቃላችሁ፤ ወርዱን ግን የሚጠይቀኝ የለም። በቀላል ነፋስ ከውኃው ብድግ አድርጎ የሚያንሸራትትህ በዋናነት ወርዱ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ወርድ ከሁለትና ከሦስት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይልቅ ይሰማሃል።

ከአዘዞ፦ 75 ኪሎ ነኝ። ሁርጋዳ በ136 ቦርድና በ12 ሜትር ካሬ ካይት በደንብ እሄድ ነበር። ጎርጎራ ግን ያው ነፋስ እያለ እሰምጣለሁ። ቦርዱን ልቀይር?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ እኔም በዚሁ ግራ ተጋብቻለሁና። ቦርድህን አትሽጥ። የተለወጠው አየሩ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር 16 በመቶ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ በዚያው ፍጥነት ቢነፍስም ካይቱን የሚጎትትበት ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። የነፋስ መለኪያህ 15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ቢልህ፣ ካይትህ የሚያገኘው ጉልበት ባሕር ላይ 14 ኖት እንኳ የማይሞላ ነፋስ የሚሰጠውን ያህል ነው።

የካይት መጠን የሚወጣበትን የተለመደውን ሒሳብ ላሳይህ። ኪሎህን በ2.2 አባዛና ለነፋሱ ኖት አካፍል፤ 75 በ2.2 ሲባዛ 165፣ ለ15 ሲካፈል 11 ሜትር ካሬ ይሆናል። ይህ ለባሕር ነው። ለጣና ስትሠራ 11ን ለ0.84 አካፍል፤ 13 ይመጣልሃል። ሁርጋዳ ላይ የተረፈህ 12 ጎርጎራ ላይ ያጠረህ ለዚህ ነው። ውኃው ግን ከፍታ ስለወጣ አልሳሳም። ጨው አልባ መሆኑም የሚያመጣው ልዩነት ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ቦርድ ሲመርጡ እርሱት። ስለዚህ መጀመሪያ ካይቱን አሳድግ። ካይት ለመግዛት አቅም ካጣህ ግን 140 በ43 የሆነ ጠፍጣፋ ቦርድ ችግሩን በከፊል ያቃልልሃል። ጠፍጣፋ የምልህ ጫፎቹ ብዙ ያልታጠፉትን ነው።

ከአራዳ፦ እኔ 94 ኪሎ ነኝ፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። ለእኔ የሚሆን አለ?

በደንብ አለ ጋሼ። 150 በ45 ይበቃዎታል፤ ነፋሱ ደካማ በሆነባቸው ቀናት መውጣት ከፈለጉ እስከ 160 ይሂዱ። ሲመዘኑ ግን ለመታጠቂያውና ለተንሳፋፊ ሰደርያው አራት ኪሎ ያህል ይጨምሩ።

53 ኪሎ ነኝ፤ ትልቅ ከሆነ ሁሉ ይሻላል ካልክ እኔም 145 ልግዛ?

አይ እህቴ፣ ትልቅም ልክ አለው። ለክብደትሽ የሰፋ ቦርድ ሲኖርሽ ጠርዙን ውኃ ውስጥ ማስያዝ ያቅትሻል፤ ካይቱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይዞሽ ይሄዳል፣ በእግርሽም መመለስ ይመጣል። ማዕበል ሲነሳም ጉልበትሽን ይመታሻል። 134 በ40 ወይም 41 ውሰጂ።

እኔ 78፣ ባለቤቴ 56 ነን። አንድ ቦርድ ለሁለት ይሆናል?

ይሆናል። 138 በ42 ገዝታችሁ የእግር ማሰሪያዎቹን ለእሷ ወደ መሃል፣ ለአንተ ወደ ውጭ አድርጓቸው።

ወንድሜ እንጨት ሠሪ ነው። ከዋንዛ ቢሠራልኝስ?

ደስ ይለኛል። የፋብሪካ ቦርዶች ውስጣቸው ብዙ ጊዜ ፓውሎኒያ የሚባል በጣም ቀላል እንጨት ነው፤ ዋንዛ ከእሱ ይከብዳል። ስለዚህ በደንብ የደረቀ ይምረጥ፣ ጠርዙን እያሳሳ ይውረድ፣ ጫፎቹን ከመሃሉ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያድርጋቸው፣ ላዩን በፋይበርግላስ ይሸፍነው። ውኃ ከገባበት ያብጣል፤ ለማሰሪያዎቹ ብሎን የሚበሳውን ቀዳዳ ሁሉ በደንብ ይድፈነው።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ 42 ኪሎ። ትፈቅድለታለህ?

ዋና ከቻለና ከመምህር ጋር ከሆነ አዎ፤ 125 በ38 ይበቃዋል። ነገር ግን እትዬ፣ ከቦርዱ በፊት እነዚህን ይስሙኝ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ሲነፍስ አይግባ፤ ወደ መሃል ይወስደዋልና። ማለዳ ላይ ነፋሱ እንዲህ የመሆን ጠባይ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ዳር ሲዞር ይሻላል። የክረምት ደመና ጠቆር ካለ ካይት አይነሳም፤ ከዝናቡ ፊት የሚመጣው ነፋስ ያላዋቂንም አዋቂንም አንድ ያደርጋል። የሞተር ጀልባ ዳር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ከታንኳ ዓሣ አጥማጆች በሩቁ ይራቅ፤ የካይቱ ገመድ ከ20 ሜትር በላይ ነው፣ ሰው ይቆርጣል። ጉማሬ በሚኖርበት ሸንበቆ አጠገብ በጭራሽ። ጣና ላይ ቢልሃርዚያም ስላለ ከወራት በኋላ ሐኪም ይየው።

ፎይል ብገዛ ይህ የሳሳ አየር ነገር አይቀርልኝም?

በከፊል ይቀርልሃል፤ ፎይል (ከቦርዱ ሥር በዘንግ ተያይዞ ውኃ ውስጥ ሆኖ ቦርዱን ወደ ላይ የሚያነሳ ክንፍ) በደካማ ነፋስ ይነሳል። ግን ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ዘንግ ስላለው ጥልቀት ይፈልጋል፣ እምቦጭም ይጠመጠምበታል። ከ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በተለይ በደምቢያ በኩል ያለውን ዳር ያስጨነቀን አረም ነው። እምቦጭ ባለበት በኩል ተራው ቦርድ ራሱ ፊኑ (ከሥሩ ያለው ትንሽ ክንፍ) ይያዛል፤ ፎይል አልመክርህም።

ቦርዱ ሚኒባስ ላይ ይጫናል?

በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፊኖቹን ፈትተህ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ጣራ ላይ አስረው፤ ካይቱን ግን እቅፍህ ውስጥ ያዝ።