የቢራ ጠማቂውን ወጥ ቤት ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ አነስተኛ ቢራ ጠማቂ «ወጥ ቤቴን ያዢልኝ፤ ኪራይ አልጠይቅሽም፣ ከሽያጭሽ ድርሻ ትሰጪኛለሽ» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ሰው እዚያ የሚመጣው ለቢራው እንጂ ለምግቡ አይደለም ብለሽ ሰግተሻል፤ የእኛ ምግብ እዚያ ይሄዳል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ በዚሁ አካባቢ በምግብ መኪና በየጠማቂው ግቢ እየቆምኩ ለዓመታት ሸጫለሁ፤ በኋላም የአንዱን ወጥ ቤት ይዤ ሠርቻለሁ። ያዋጣል። ነገር ግን ምግብ ቤት የምትከፍቺ መስሎሽ ከገባሽ አያዋጣም። ልዩነቱን ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ሰውየው ወጥ ቤቱን ለምን ለሌላ ሰው መስጠት እንደፈለገ ልብ በይ። ቢራው እዚያው ተጠምቆ እዚያው ሲቀዳ በመካከል አከፋፋይ የለም፤ የሚበልጠው ትርፉ ከዚያ ነው። አንድ ትልቅ የድራፍት በርሜል 58 ሊትር ያህል ይይዛል፤ እዚህ አገር በተለመደው ትልቁ ብርጭቆ ሲለካ 124 ይሆናል። በአረፋና በመፍሰስ የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ከመቶ በላይ ብርጭቆ ይወጣዋል። ይህን ሁሉ አንድ አስተናጋጅ ቆሞ ይቀዳዋል። ያንኑ ገንዘብ ከምግብ ለማግኘት ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ወጥ የሚያማስል፣ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ያስፈልጋል፤ ሳይሸጥ ያደረው ደግሞ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ጠማቂዎች ምግብ የሚፈልጉት ከምግቡ ለማትረፍ ሳይሆን የመጣው ሰው ርቦት እንዳይወጣባቸው ነው። የራበው ሰው አንድ ጠጥቶ ይሄዳል። የበላ ሰው ሁለተኛውን ያዛል፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ይመለሳል። አንቺ የምታመጪለት ትልቁ ጥቅም በአንቺ ሒሳብ ላይ ሳይሆን በእርሱ የቢራ ሽያጭ ላይ ነው የሚታየው። ስለ ድርሻ ስትደራደሪ ይህን ፊት ለፊት አንሺው።

ነገሩ ከሕግም ጋር የተያያዘ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀደም ሲል ቢራ ጠማቂ በግቢው ከማስቀመስ አልፎ ሙሉ ብርጭቆ ለመሸጥ ምግብ ቤት ሊኖረው ይገባ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ይህን ግዴታ አነሳላቸው። ከዚያ በኋላ በግዛቱ ያሉት ጠማቂዎች ከጥቂት ደርዘን ተነስተው ከሁለት መቶ በላይ ሆኑ፤ አብዛኞቹም ወጥ ቤት ሳይሠሩ ነው የከፈቱት። በየጠማቂው ደጃፍ የምግብ መኪና ተሰልፎ የምናየው ከዚህ የተነሳ ነው። የአሜሪካ ቢራ ጠማቂዎች ማኅበርም ሁለቱን ለይቶ ይመድባቸዋል፦ ከቢራው 25 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን በግቢው የሚሸጥና ጉልህ የምግብ አገልግሎት ያለው አንድ ምድብ፣ ያንኑ ያህል በግቢው ሸጦ ጉልህ የምግብ አገልግሎት የሌለው ሌላ ምድብ። እዚሁ ቅርባችን ሁለቱንም ማየት ትችያለሽ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በ2011 የተከፈተው ፖርት ሲቲ ቢራውን ይጠምቃል፣ ምግቡን ለምግብ መኪናዎች ይተዋል። ዋሽንግተን ላይ በ2013 በሾው ሰፈር ከሀዋርድ ቴአትር አጠገብ፣ ከእኛ ምግብ ቤቶች በእግር በሚደረስበት ቦታ የተከፈተው ራይት ፕሮፐር ግን ከነወጥ ቤቱ ነው የተነሳው። ከመወሰንሽ በፊት እንዲህ ያሉትን ቦታዎች ዓርብ ማታ ሄደሽ ተቀምጠሽ ተመልከቺ። ሰው መቼ እንደሚያዝ፣ ምን ይዞ እንደሚቀመጥ፣ ስንቱ ቆሞ እንደሚበላ በዓይንሽ ታያለሽ።

በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ኒውዮርክና ፔንስልቬንያ መጠጥ የሚያዝ ሰው ምግብ አብሮ እንዲያዝ ደንግገው ነበር። ያን ጊዜ ስለ ምግብ አስቦ የማያውቅ ጠማቂ ሁሉ ምግብ አቅራቢ ፍለጋ ሲሯሯጥ ታየ። ደንቡ አልፏል፤ ምግብ ያለው ጠማቂ ክፉ ቀን ሲመጣ የተሻለ እንደሚቆም ግን ባለቤቶቹ አልረሱትም።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ጉዳይ ልግባ፤ የእኛ ምግብና የእነሱ ቢራ። ብዙ ሰው የሚያቃጥል ምግብ ካለ ቢራ ጥሩ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቢራ ሁሉ አንድ አይደለም። አይ ፒ ኤ የሚባለው ሆፕ በሚሉት፣ እንደ ጌሾ በሚመር አበባ የመረረ፣ አልኮሉም ብዙ ጊዜ ሰባት በመቶ የሚደርስ ቢራ የበርበሬን ማቃጠል ይጨምረዋል። አልኮሉ ያግለዋል፣ ምሬቱ ያጠነክረዋል፣ ጋዙም ምላስን ይቆጠቁጣል። አንድ ምሽት አንድ ደንበኛ ቀይ ወጥ በእንጀራ ገዝቶ ከዚሁ ዓይነት ቢራ ጋር ሲበላ አየሁት። ይጎርሳል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ለማብረድ ከብርጭቆው ይጎነጫል፣ ይባስ ይቃጠላል፣ እንደገና ይጎነጫል። ቢራ ቀጂዋ አይታው ዝም ብላ ብርጭቆውን አነሳችና በብቅሉ ጠይም የሆነ፣ ወደ ጣፋጭ የሚያደላ ላገር የሚባለውን፣ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚበስል ቢራ ቀዳችለት። ወዲያው ረጋ፤ ወጡን ጠርጎ በልቶ ሳህኑን ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። የብቅሉ ጣፋጭነት በርበሬውን ያለዝበዋል፤ እንደ ተጠበሰ ዳቦ የሚሸተው መዓዛ ደግሞ በቅጡ ከበሰለ ቁሌት ጋር ይስማማል። ከዚያ በኋላ በምግብ ዝርዝሬ ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን የሚስማማውን ቢራ ስም ማስጻፍ ጀመርኩ። ቢራ ቀጂዎቹም ምግቤን እየቀመሱ ለደንበኛው እነሱው ይመክሩልኝ ነበር። ይህን አድርጊ፤ ቢራ ቀጂው ያልቀመሰው ምግብ አይሸጥም።

ከሁሉ የሚገርመኝ በቤልጅግ ዓይነት የሚጠመቀው የስንዴ ቢራ ነው። በዚህ ቢራ ውስጥ ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ ይገባል። ፖርት ሲቲ በሚጠምቀው ውስጥ ደግሞ የእኛ ኮረሪማ የቅርብ ዘመድ የሆነ የምዕራብ አፍሪካ ቅመም አለበት። እንግዲህ አስቢው፤ ድንብላልና ኮረሪማ እኮ በርበሬያችን ውስጥ ያሉ ናቸው። ምስር ወጥና ሽሮ ከዚህ ቢራ ጋር ሲቀርቡ ማንም ሳያስረዳው ደንበኛው ይስማማዋል፤ የእንጀራው ኮምጣጣነትም ከስንዴው ልስላሴ ጋር ይሄዳል። ስታውት የሚባለውን፣ በተቆላ እህል የጠቆረ ቢራ በደንብ ለተጠበሰ የበሬ ጥብስ አስቀሪው። ለጎመንና ለአይብ ቀለል ያለ ላገር ይበቃል።

የምግብ ዝርዝርሽ አጭር ይሁን። አምስት ዓይነት ምግብ ከበቂ በላይ ነው። እዚያ ያለ ሰው በአንድ እጁ ብርጭቆ ይዟል፤ ጠረጴዛው ጠባብ ነው፣ የእጅ መታጠቢያውም ሩቅ ነው። ሙሉ ትሪ በያይነቱ ዘርግተሽ አትችዪውም። በእንጀራ የተጠቀለለ ጥብስ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሽሮ በትንሽ ሳህን ከድርቆሽ ጋር፣ ዳቦ ቆሎ በወረቀት ከረጢት። ዳቦ ቆሎን አደራ እልሻለሁ። ጠላና ጠጅ ሲጠጣ ቆሎ መቆርጠም የእኛው ልማድ ነው፤ እዚህም ሰው ሳያውቀው እፍኝ በእፍኝ ይጨርሰዋል፣ ሳይበላሽ ይቆያል፣ በመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይም ተቀምጦ ይሸጣል። የጾም ምግብሽን ደግሞ እንደ ተጨማሪ አትዪው፣ ከላይ አድርጊው። አትክልት ብቻ የሚበሉ ሰዎች በየጠማቂው ቤት የሚገጥማቸው የተጠበሰ ድንች ብቻ ስለሆነ ምስርና ጎመን ሲያገኙ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ይመለሳሉ። በእንጀራው ጉዳይ ግን እውነቱን ተናገሪ። ግሉተን፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የማይስማማው ሰው ጤፍ ነው ሲባል አምኖ ይበላል፤ እንጀራሽ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ካለበት በግልጽ ጻፊው። ክትፎን እኔ አልመክርሽም። ጥሬ ወይም ለብ ለብ ያለ ሥጋ ስታቀርቢ በዝርዝሩ ላይ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ከዚያም በላይ ሰው በበዛበት ምሽት ቅዝቃዜውን መጠበቅ አድካሚ ነው። ትኩስ ምግብሽ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይወርድ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይወጣ፤ የጤና ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ ወጥ ቤቱን ከመያዝሽ በፊት ለአንድ ወቅት በተወሰነ ቀን እንግዳ ሆነሽ እንድትሸጪ ጠይቂው። ሐሙስ ጥሩ ቀን ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ግን አያጥለቀልቅሽም። እምቢ ካለ ለምን እንደቸኮለ ጠይቂ። ውሉ ላይ የመብራቱንና የጋዙን ክፍያ፣ የጭስ መሳቢያውንና የቅባት ማጥለያውን ማጽጃ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይስፈር፤ እነዚህ ሁለቱ ዝም ብለው ገንዘብ የሚበሉ ናቸው። የጤና ፈቃዱ በአንቺ ስም ይሁን። ድርሻው የሚሰላው ከግብርና ከጉርሻ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህ አንድ መስመር በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ሺህ ብር ያወጣል፤ ዶላሩን ማለቴ ነው። ግቢው ለሠርግ ወይም ለድርጅት ግብዣ ሲከራይ ደግሞ ሌላ አቅራቢ ያስገባ እንደሆነ አስቀድመሽ እወቂ። እኔን አንድ ጠማቂ ቀን ቆርጦ ጠርቶኝ ስደርስ ሌላ የምግብ መኪና በቦታዬ ቆሞ አገኘሁ፤ ሁለት ምጣድ ሙሉ ጥብስ ይዤ ተመለስኩ። በውሌ ውስጥ የመሰረዣ ማስታወቂያና የካሳ አንቀጽ ያስገባሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ቅር የተሰኘ ጠማቂ አልገጠመኝም።

ከጠመቃው የሚተርፈውን የገብስ አተላ ለምግብ መጠቀም ይቻላል ወይ ብለሽ ነበር። ይቻላል። አብዛኛው እንደ አገራችን አተላ ለከብት ነው የሚሄደው፤ ግን ከዱቄት ጋር ተደባልቆ ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል። እርጥብ ስለሆነ በሰዓታት ውስጥ ይኮመጥጣል፤ በወጣበት ቀን ተጠቀሚበት ወይም ምድጃ ውስጥ አድርቀሽ ፍጪው። እኔ ለዳቦ ቆሎዬ ጥቂት እጨምርበታለሁ፤ የጠማቂው ሠራተኞች ከራሳቸው ገብስ መሠራቱን ሲያውቁ ደንበኛውን ሁሉ ወደ እኔ ይልኩት ነበር።

ጠጅም ልሽጥ ላልሽው፣ ተጠንቀቂ። እዚህ አገር ከማር የሚጠመቅ መጠጥ በወይን ጠጅ ምድብ ነው የሚቆጠረው፤ የቢራ ጠማቂው ፈቃድ አይሸፍነውም። ፈቃዱን ለብቻው ካላወጣችሁ በስተቀር በምግብ ዝርዝርሽ ላይ እንዳታስገቢው። ማሩን ከፈለግሽ በእንጀራው ጎን አይብ ላይ ጠብ አድርገሽ አቅርቢው፤ ከጥቁሩ ስታውት ጋር ይጣፍጣል።

ውሉ ሲደርስሽ ከመፈረምሽ በፊት የድርሻውን አንቀጽ ብቻ እዚህ ለጥፊው፤ ስሙን ሸፍኚና። እኔም፣ በዚህ ሥራ ያለፉት ሌሎቹም እናየዋለን።