መልስ፦ ፖስትፊክስ ኢሜይል ይቀበላል፣ አይልክም

ሰላም ወንድሜ። ኡቡንቱ ላይ የጫንከው ፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚልክና የሚቀበል የሰርቨር ፕሮግራም) ኢሜይል ይቀበላል፤ ወደ ጂሜይል ግን አልልክ ብሎሃል፤ ሎጉም (የፕሮግራሙ መዝገብ) «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ይላል፤ ማለትም መልስ ሳይመጣ የመጠበቂያው ጊዜ አልቋል። ጥፋቱ የኮንፊጉ (የቅንብር ፋይሉ) አይመስለኝም፤ እሱን መነካካቱን ለጊዜው ተወው።

አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩን ያከራየህ ድርጅት ስፓም ለመከላከል ወደ ውጭ የሚወጣውን ፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበትን በር) ይዘጋዋል። መቀበል መቻልህ አያታልልህ፤ መግቢያውና መውጫው ለየብቻ ነው የሚዘጋው። ከራሱ ከሰርቨሩ ላይ ሆነህ የጂሜይልን መቀበያ ሰርቨር በቴልኔት (ግንኙነት መሞከሪያ ትእዛዝ) በፖርት 25 ሞክረው። በ220 የሚጀምር መስመር ከመጣ ክፍት ነው። ዝም ብሎ ከቆመ ዝግ ነው።

ከተዘጋ ወይ እንዲከፍቱልህ ጠይቅ፣ ወይ በሪሌይ አገልግሎት (ኢሜይልህን ተቀብሎ በአንተ ፈንታ የሚያደርስ) በፖርት 587 ላክ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በአዲስ አይፒ ጂሜይልን ማሳመን ራስ ምታት ነው! በፖስትፊክስ ኮንፊግ ውስጥ «ሪሌይሆስት» የሚለው ላይ የሪሌዩን ሰርቨር ስም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ጻፈው፣ ከቅንፉ ውጭ ሁለት ነጥብና 587 ጨምር። ያለ ቅንፉ የኤምኤክስ ሪከርድ (የአንድ ዶሜይን ኢሜይል ተቀባይ ሰርቨር የትኛው እንደሆነ የሚጠቁም መዝገብ) ፍለጋ ይሄድብሃል። የሪሌዩን የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል በነካህ ቁጥር ፖስትማፕን (ፋይሉን ፖስትፊክስ ወደሚያነበው መልክ የሚቀይር ትእዛዝ) አስኪድ። «ኖ ዎርዚ ሜክስ ፋውንድ» ካለህ ብዙ ጊዜ የሳስል (ማንነት ማረጋገጫ) ሞጁሎች ፓኬጅ ስላልተጫነ ነው።

ወረፋ ላይ ስለተጠራቀመው አትጨነቅ። ፖስትፊክስ ካልቀየርከው በቀር እስከ 5 ቀን ድረስ እየደጋገመ ይሞክራል። ሲስተካከል የወረፋውን ትእዛዝ «ፖስትኪው»ን በኤፍ (-f) አማራጭ አስነሳው፣ ወዲያው ይለቀዋል። የኤስፒኤፍ ሪከርድህ (በዶሜይንህ ስም ማን መላክ እንደሚችል የሚናገር መዝገብ) ላይም ሪሌዩን ጨምር፤ አለዚያ ደርሶም ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል።