ዋሻ ቤት ልትከራዩ ነው? ከሰሉን ደጅ አድርጉት

«ዋሻ የሚገባው ባሕታዊ ነው፤ አንተ ምን ጎድሎብህ ነው?» አለችኝ እናቴ። ለእረፍት ስፔን ሄደን ዋሻ ቤት ልናድር ነው ብዬ የነገርኳት ቀን ነው። እሷን ማስረዳት አልተቻለም። እናንተን ግን ልሞክር። በየክረምቱ ባርሴሎና ሄዳችሁ፣ ከሰው ጋር ተጋፍታችሁ፣ ኪሳችሁ ተራግፎ (አንዳንዴም ተበርብሮ) የምትመለሱ ብዙ ናችሁና።

ቦታው ጋሌራ ይባላል። በደቡብ ስፔን፣ በግራናዳ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ጫፍ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከግራናዳ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚያ ሰው ዋሻ ውስጥ መኖር የጀመረው ለቱሪስት ብሎ አይደለም። ኮረብታው ለስላሳ አፈር ነው፤ በዶማ ይቆፈራል፣ ውሃም በቀላሉ አያስገባም። ልጅ ሲወለድ አንድ ክፍል ይቆፈር ነበር ይላሉ። ከፊት ስታዩት በኖራ የተቀባ ተራ ነጭ ቤት ነው። በሩን አልፋችሁ ስትዘልቁ ግን ጣሪያው ይጎብጣል፣ ግድግዳው አንድም ቀጥ ያለ መስመር የለውም፣ ያኔ ነው የተራራ ሆድ ውስጥ መግባታችሁ የሚታወቃችሁ። ኮረብታው ላይ ወጥታችሁ ስትዞሩ ደግሞ ነጫጭ ጭስ ማውጫዎች ከመሬት በቅለው ታያላችሁ። የሰው ጣሪያ ላይ እየሄዳችሁ ነው ማለት ነው።

ላሊበላን እንዳታነሱብኝ። ያ ቤተ መቅደስ ነው፤ ይሄ ገበሬ ለልጆቹ የቆፈረው መኝታ ቤት ነው።

ውስጡ በጋ ከክረምት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነሐሴ ላይ ውጭው ወደ 40 ሲጠጋ እኛ ብርድ ልብስ ለብሰን ነበር የምንተኛው። ስለዚህ ለሙቀት አገር ነው ብላችሁ ቲሸርት ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ለልጆች ሹራብና ካልሲ ያዙ። ጓዳ ያሉት ክፍሎች መስኮት የላቸውም። መብራት ስታጠፉ ጨለማው ድቅድቅ ነው፤ ልጆቼ እስከ 5 ሰዓት ተኝተው ጠዋቱ ሄደብን። ስልክም ከበሩ ጥቂት ከራቃችሁ አይሠራም። ከኖራው ግድግዳ ጋር በጥቁር ልብስ አትጫወቱ፤ ጀርባችሁ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ዕጣን፣ ትንሽ የከሰል ምድጃ ሳይቀር ነበር። ልብስ የያዘችው በሌላ ሻንጣ ነው። ከሰሉን ከመንደሩ ሱቅ፣ ለጥብስ ከሚሸጡት ገዛን። ደጅ አቀጣጠልነው፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ወደ ውስጥ አስገባነው፤ ውጭው ፀሐይ ነዋ። ጓዳ ውስጥ ሳር የለ እንጂ ሁሉ ነገር ነበር። አቦል ተጠጣ። ባለቤቴ ራሴን አመመኝ አለች። ትንሹ ልጅ ያዛጋል። የመንገድ ድካም ነው ብለን ቶናውን ቀጠልን።

በዚህ መሃል የቤቱ ባለቤት ሙቅ ውሃው ሠራላችሁ ወይ ብላ ለመጠየቅ መጣች። ጎንበስ ያሉ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ይገባቸዋል። ፍሙን ሲያዩ ሰላምም አላሉን። «ፉዌራ!» አሉ። ውጡ ማለት ነው። ልጁን በአንድ እጃቸው ጎትተው አወጡት፣ ተመልሰው በፎጣ ምድጃውን ይዘው ደጅ ወረወሩት። ጀበናው ተረፈ። በኋላ በስልክ እያስተረጎምን ነገሩን። በእነሱም አገር ድሮ ጠረጴዛ ሥር ፍም አስቀምጠው ይሞቁ ነበር። ብራሴሮ ይሉታል። እንደተኛ የቀረ ሰው ብዙ ነው።

ነገሩ ይሄ ነው። ከሰል ጭስ ካቆመ ጉዳት የለውም የምንለው ስህተት ነው። ፍሙ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። የብዙ ዋሻ ቤት ጓዳ አየር የሚያገኘው ከፊት ለፊት ብቻ ነው፤ እዚያ የገባ ነገር መውጫ የለውም። በር መክፈት ብቻ አይበቃም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ያልታሰበ እንቅልፍ ከመጣባችሁ፣ በተለይ ሁላችሁም ላይ አንድ ላይ ከመጣ፣ ሰበብ ሳትፈልጉ ውጡና 112 ደውሉ። ጋዙን የሚለይ ትንሽ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይሸጣል፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም፤ እኔ አሁን ከጥርስ ቡርሽ ጋር ነው የምይዘው። ቡና ከሆነ የቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይፈላል። ከሰል ካላያችሁ ቡና የማይመስላችሁ ደግሞ ደጁ ሰፊ ነው፣ ሲመሽም ይበርዳል። በማግስቱ እዚያ አፈላን። ሴትዮዋ መጥተው እስከ በረካው ጠጡ፤ ስኳሩን ግን አይጣል ነው።

ሌላው ሌላው ቀላል ነው። የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ተጨማሪ ቪዛ አትጠየቁም፤ ፓስፖርቱን ወይም የጉዞ ሰነዱን ከነፈቃዱ ያዙ። እንግሊዝ ወይም ገልፍ ሆናችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ግን የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ለዚህ አይሆንም። አከራዩ የፓስፖርታችሁን ዝርዝር ሲመዘግብ አትደንግጡ፤ የእንግዳ ስም ለፖሊስ ማሳወቅ ሕጉ ነው፣ ቆዳችሁን አይቶ አይደለም። መኪና መከራየት ግድ ነው ማለት ይቻላል። ከአሜሪካ የምትመጡ አውቶማቲክ ቀድማችሁ እዘዙ፣ እዚያ ብዙው ማርሽ ነው። መኪናውን ታች አቁማችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ ውጡ፤ መንገዱ ለአህያ የተሠራ ነው።

ምግብ ላይ ደግሞ የአሳማ ጉዳይ አለ። ሥጋ አልበላም ለማለት «ሲን ካርኔ» ብትሉ ሃሞን (የደረቀ የአሳማ ጭን) ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ለብዙዎቹ እሱ «ሥጋ» አይደለም። «ሲን ሃሞን፣ ሲን ሴርዶ» በሉ፤ ያለ ሃሞን፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። ለጾመኛ ጠዋት ጠዋት የተጠበሰ ዳቦ ላይ የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት አለ። እኔ በፍስኩም ቀን እሱን ነው የምበላው። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ እራት ቤት ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ብትሄዱ ወንበር እየደረደሩ ታገኟቸዋላችሁ።

መንደሯ ታሪኳ ከባድ ነው። ከእስልምና በግድ ክርስቲያን የተደረጉት ሞሪስኮዎች ቋንቋቸውና ልብሳቸው ሲከለከል እ.ኤ.አ. በ1568 አመፁ፤ ጋሌራ እጄን አልሰጥም አለች። በ1570 የንጉሡ ወንድም ዶን ሁዋን በመድፍና በባሩድ አፈረሳት፣ ብዙ ሰው አለቀ። አሁን እዚያ ያሉት ከሌላ ቦታ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው።

ከዚያም በጣም የራቀ ታሪክ አለ። በመንደሩ ሙዚየም ካስቴዮን አልቶ ከሚባለው ኮረብታ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ ከ3,500 ዓመት በላይ የሆነው የአንድ ሰው አስከሬን አለ፤ አብሮት ሕፃን ተቀብሯል። ፀጉሩ እስካሁን አለ፣ ተጎንጉኗል። እህቴ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ስንት ጉንጉን እንደሆነ ስትቆጥር ጠባቂው መጥቶ ራቅ በይ አላት። ጎረቤት መንደር ኦርሴ ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የልጅ የወተት ጥርስ ተገኝቷል፤ በምዕራብ አውሮፓ ከተገኙት የሰው ቅሪቶች ከጥንቶቹ አንዱ ነው። አስጎብኚው በኩራት ሲነግረን ልጄ «ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ናት» አለው፣ በጀርመንኛ። እንዳልተረጎምኩለት ይታወቅልኝ።