የቡሩንዲን ጦርነት ድርድር አቆመው? ስለ አሩሻው የሰላም ስምምነት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጦርነቱ የብዙኃኑ ሁቱና የአናሳው ቱትሲ የቆየ ቂም ነው ይባላል። እውነት ነው?

ቂም ብቻውን አያስረዳውም። ቤልጂየሞች ሲገዙ ሥልጣኑን ለቱትሲ መሳፍንት አደሉ፤ ከነፃነት በኋላ ደግሞ ሠራዊቱ በቱትሲ መኮንኖች እጅ ገባ። በ1972 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተማረ ሁቱ እየተለቀመ ተገደለ። በ1993 ሕዝቡ ሜልኪዮር ንዳዳዬን መረጠ፣ የመጀመሪያው ሁቱ ፕሬዚዳንት። በጥቂት ወራት ውስጥ ወታደሮች ገደሉት። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት ወደ 300 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

ጥያቄ፦ አደራዳሪው ኔሬሬ ነው ማንዴላ?

ሁለቱም። የቀድሞው የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት ኔሬሬ በ1996 ጀመሩት። በዚያው ዓመት ቱትሲው መኮንን ቡዮያ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ጎረቤት አገሮች ማዕቀብ ጣሉበት። ኔሬሬ በ1999 ሲያርፉ ማንዴላ ተረከቡ። ማንዴላ ይሉኝታ አልያዛቸውም፤ ፖለቲከኞቹን ፊት ለፊት ገሠጹ፣ ሁቱ ገበሬዎች በግድ የታጎሩባቸው ካምፖች እንዲዘጉም ወተወቱ። ስምምነቱ ኦገስት 2000 ላይ በታንዛኒያዋ ከተማ አሩሻ ውስጥ ተፈረመ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከተፈረመ በኋላ ለምን መዋጋት ቀጠሉ?

ምክንያቱም ጫካ ያሉት ዋና ዋና ተዋጊዎች አልፈረሙም! ሲኤንዲዲ-ኤፍዲዲ (ባጭሩ ኤፍዲዲ) እና ኤፍኤንኤል የተባሉት የሁቱ አማፂ ቡድኖች ስምምነቱ ውስጥ አልነበሩም። ፖለቲከኞቹ በቡዮያ የሚመራ የሽግግር መንግሥት አቋቁመው፣ ከ18 ወር በኋላ ወንበሩን ለሁቱው ንዳዪዜዬ ሲያስረክቡም ተኩሱ አልቆመም። በ2003 ኤፍዲዲ ከመንግሥት ጋር ተስማማና ገባ፤ ኤፍኤንኤል ከዚያም በኋላ ዓመታት ፈጀ። በየመሃሉ የሞተው ሰው ያሳዝነኛል። ግን አሩሻ ባይኖር ኤፍዲዲ የሚገባበት ቤት አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ወታደሮች ሄደው ነበር?

አዎ፣ በ2003። የአፍሪካ ኅብረት የመጀመሪያው የሰላም ማስከበር ተልዕኮ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካና ከሞዛምቢክ ወታደሮች ጋር ሄዱ። በ2004 ተመድ ተረከበ።

ጥያቄ፦ አናሳው ቱትሲ የሠራዊቱን ግማሽ ማግኘቱ ፍትሕ ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ የድርድሩ ልብ እዚህ ላይ ነውና። በቁጥር ካሰብነው ፍትሕ አይመስልም። ግን ቱትሲው «ሠራዊቱ ከእጄ ከወጣ እንታረዳለን» ብሎ ይሰጋል፣ ሁቱውም 1972ንና ንዳዳዬን አልረሳም። ስለዚህ ከሠራዊቱ ውስጥ አንዱም ወገን ከግማሽ በላይ እንዳይይዝ ተወሰነ። በመንግሥትና በታችኛው ምክር ቤት 60 በመቶ ለሁቱ፣ 40 ለቱትሲ፤ ሴኔቱ እኩል ለእኩል። እኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሰው ነገ ቤቱ እንደማይቃጠል ሳያምን ጠመንጃውን አያስቀምጥም፤ ያን እምነት ደግሞ የውጭ አደራዳሪ በንግግር አይሰጠውም፣ ወደ ሰፈሩ የሚላከው ወታደር የማን እንደሆነ ተጽፎ ሲያይ ነው የሚያምነው።

ጥያቄ፦ በ2015 ግን ሁሉም ነገር ፈረሰ አይደል?

ብዙ ነገር ተጎዳ። የያኔው ፕሬዚዳንት ንኩሩንዚዛ ለሦስተኛ ጊዜ ልወዳደር አሉ፤ የአሩሻው ስምምነት ደግሞ ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ አይፈቅድም። ሰው አደባባይ ወጣ፣ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከሸፈ፣ መቶ ሺዎች ተሰደዱ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሦስተኛውን ዘመን ከተቃወሙት ውስጥ ሁቱም ቱትሲም ነበሩ፤ ከፕሬዚዳንቱ ከራሳቸው ፓርቲ ሳይቀር።