ከአንባቢያን ጥያቄ፦ የፖርትሎው ጣሪያዎች
ጥያቄ፦ በአየርላንድ ዋተርፎርድ አውራጃ፣ በወንዝ ዳር ባለችው ፖርትሎው የቆዩት ቤቶች ጣሪያ ለምን ጎበጥ ያለ ሆነ?

መልስ፦ ምክንያቱ የጥጥ ፋብሪካው ነው። የኩዌከር እምነት ተከታዩ ዴቪድ ማልኮምሰን እ.ኤ.አ. በ1825 በክሎዲያ ወንዝ ኃይል የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ቤተሰቡም መንገዶቿ ከአንድ አደባባይ የሚነሡ የሠራተኞች ከተማ ሠራ። ለጣሪያው ቀጫጭን የእንጨት ርብራብ እንደ ቀስት ተለምጦ ይገጠምና ሬንጅ የተቀባ የጥጥ ጨርቅ ይለብሳል፤ እንደ ድንጋይ ንጣፍ ስለማይከብድም ወፍራም ማገር አያሻውም። በእኔ እምነት ከከተማዋ ቅርስ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ይኸው ጣሪያ ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት በእድሳት ሰበብ መልኩን በቀላሉ ያጣልና።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥጥ አቅርቦቱን ሲያናጋው ድርጅቱ ተዳክሞ በ1870ዎቹ ከሰረ። በ1930ዎቹ በቦታው የቆዳ ፋብሪካ ተከፍቶ እስከ 1980ዎቹ ሠርቷል።