ከባድዎተር ጨው እስከ ዮሴሚቲ ሸለቆ፦ ስለ መንገዱ የጠየቃችሁኝ

በመኪና ከቬጋስ ተነስቼ፣ የካሊፎርኒያውን በረሃ ዴዝ ቫሊን አቋርጬ ዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ እንደምመላለስ ከነገርኳችሁ ወዲህ ጥያቄው በዛ። ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከላስ ቬጋስ በፓረምፕ ወደ ዴዝ ቫሊ፣ ቶውን ፓስ የሚባለውን የተራራ ማለፊያ ተሻግሮ ሎን ፓይን፣ ከዚያ በ395 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን እስከ ሊ ቫይኒንግ፣ በመጨረሻ በቲዮጋ መንገድ ወጥቶ ዮሴሚቲ ሸለቆ። ወደ 425 ማይል ነው። ርቀቱን በማይል፣ ከፍታውን በሜትር እጽፋለሁ። መኪናችን ማይል ይቆጥራል፤ እኛ ግን ተራራን የተማርነው በሜትር ነው።

ጋሼ፣ 425 ማይል ከሆነ ጠዋት ተነስተን ማታ አንገባም?

ትገባላችሁ። ግን ደቃችሁ ነው የምትገቡት። ይህን መንገድ በማይል የቆጠረ ይሸወዳል። የሚቆጠረው በዳገትና በቁልቁለት ነው። ቬጋስ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዴዝ ቫሊው ጨው ሜዳ ባድዎተር ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። ከዚያ ቶውን ፓስ 1,511 ሜትር ላይ ያወጣችኋል። ወዲያው ፓናሚንት ሸለቆ ትወርዱና እንደገና ትወጣላችሁ። ሎን ፓይን 1,130 ሜትር ገደማ፣ ቲዮጋ ፓስ 3,031፣ ዮሴሚቲ ሸለቆ ደግሞ ተመልሶ 1,200 ግድም። ሰውንም መኪናንም የሚያደክመው ይሄ ነው።

እኔ መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት አድራለሁ። አንዱን ሎን ፓይን፣ አንዱን ማሞዝ ሌክስ። ጊዜ የሌለው ሰው በመካከላቸው ባለችው ቢሾፕ አንድ ሌሊት ብቻ ይደር። ከዚያ ያነሰውን አልመክርም።

ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉት በሰመር ነው። ጁላይ ላይ ብንሄድስ?

የዚህ ጉዞ ትልቁ ራስ ምታት ወቅቱ ነው። ሁለቱ ጫፎች አይስማሙም። ዴዝ ቫሊ ደስ የሚለው ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው፤ ያኔ ቲዮጋ በበረዶ ተዘግቷል። ቲዮጋ ሲከፈት ደግሞ ዴዝ ቫሊ ምጣድ ሆኗል። መንገዱ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው፤ ኖቬምበር ላይ ይዘጋል። በረዶ የበዛበት ዓመት ግን ይዘገያል። በ2023 የተከፈተው ጁላይ 22 ነበር።

ዴዝ ቫሊ ውስጥ ፈርነስ ክሪክ ላይ ጁላይ 10 ቀን 1913 56.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። ዛሬም በጁላይ ከ45 በላይ መሆን የዘወትር ነገር ነው። ሌሊት ይበርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። የግድ ጁላይ ከሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ከቬጋስ ውጡ። ፀሐይዋ ዛብሪስኪ ፖይንት ላይ ታግኛችሁ። ባድዎተርን እዩና ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ከሸለቆው ውጡ። የፓርኩ ጠባቂዎችም ከዚያ ሰዓት በኋላ ቆላው ላይ በእግር አትሂዱ ነው የሚሉት።

የኔ ምርጫ ከመስቀል በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው። ዴዝ ቫሊ ይሞቃል እንጂ አይጠብስም፤ ቲዮጋም አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። ደግሞ ያኔ በኦወንስ ሸለቆ በ395 ግራና ቀኝ ራቢትብራሽ የሚባል ቁጥቋጦ ቢጫ ያብባል። መኪና አቁሜ አደይ አበባ ናት ብዬ የተከራከርኩበት ቀን አለ። አይደለችም። ግን በመስከረም መጨረሻ ሜዳ ሙሉ ቢጫ ሲያይ ማን አይታለልም?

አንድ ነገር ታጣላችሁ። 739 ሜትር የሚወርደው የዮሴሚቲ ፏፏቴ በዚያ ሰዓት ደርቋል፣ ወይም ድንጋዩን የሚያረጥብ ያህል ነው። ፏፏቴ ካላየሁ የሚል ሰው ቲዮጋ እንደተከፈተ በጁን ይሂድ፣ ዴዝ ቫሊንም በንጋት ይለፍ። ሁለቱንም የሚሰጥ ወር የለም።

ደርሰን ቲዮጋ ተዘግቶ ብናገኘውስ?

ኦክቶበር ላይም ድንገት በረዶ ጥሎ ለቀናት ሊዘጉት ይችላሉ። ከሎን ፓይን ሳትነሱ አረጋግጡ። ከተዘጋ፣ በደቡብ በኩል ተራራውን ዞሮ ዮሴሚቲ መግባት ቀኑን ይጨርሰዋል። እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ማሞዝና ሞኖ ሐይቅ በቂ ናቸው። ሞኖ ከውቅያኖስ የሚበልጥ ጨው ያለው ሐይቅ ነው፤ ዳር ዳሩን ከውኃው የበቀሉ የሚመስሉ ነጫጭ የድንጋይ ማማዎች ቆመውበታል።

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው። 71 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። 3,000 ሜትር አይጎዳትም?

እህቴ፣ ሁሉም ሰው የሚፈራው ከፍታውን ነው። ለእናትሽ ግን የሚያሰጋው ቆላው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዕድሜ ልካቸውን እዚያ የኖሩ እናት ማሞዝ ሌክስ 2,400 ላይ ቢያድሩ ቤታቸው ያሉ ያህል ነው። ቲዮጋም የእንጦጦን ያህል ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ሽንት ያበዛል፤ ያ ደግሞ በበረሃ ውኃ ያሳጣል። ከመሄዳችሁ በፊት መድኃኒቱን ለሐኪም አሳዪ። ውኃ ለሰው በቀን 4 ሊትር ያዢ፣ ለመኪናው ሳይቆጠር። እናቶች መጸዳጃ ቤት ፍለጋ እንዳያስቸግሩ ብለው አይጠጡም። ፈርነስ ክሪክ፣ ስቶቭፓይፕ ዌልስና ሎን ፓይን ሽንት ቤት መኖሩን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ያኔ ይጠጣሉ።

ከፍታው ላይ ራሳቸውን የሚያማቸው ቬጋስ የተወለዱት ልጆችሽ ናቸው። ሎን ፓይን አሳድረሽ፣ ከዚያ ማሞዝ፣ ቀስ እያልሽ አውጫቸው። አያታቸው ዱብ ዱብ ስትል እነሱ ሲያለከልኩ ታያለሽ።

መኪናዬ የ2009 ኮሮላ ነው። ይችለዋል?

ይችለዋል። የሚያበላሸው አነዳድ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ቶውን ፓስን ስወጣ ኤሲውን ሙሉ ለቅቄ፣ እግሬን ነዳጁ ላይ ጭኜ ነበር። ዳር ላይ ኤሲ አጥፉ የሚል ምልክት አለ። አንብቤዋለሁ፤ ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ነው። ጥቂት ማይል እንደሄድኩ የሙቀት መርፌዋ ተነሳች። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ቦኔት ከፍቼ 40 ደቂቃ ጠበቅሁ። ክዳኑን ለመክፈት እጄ ሲሄድ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ያዘኝ። የጋለ ራዲያተር አይከፈትም፤ ፊት ይልጣል።

ስለዚህ፦ ዳገቱ ላይ ኤሲ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት። መርፌዋ ከፍ ካለች ማሞቂያውን ሙሉ ክፈት። ሰው ይቀቀላል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ሳትነሳ የራዲያተር ውኃውን፣ ቺንጋውንና የጎማውን ዕድሜ አሳይ። ስኮርታ ጎማህ አየር እንዳለው ራስህ ንካው። ብዙ ሰው ስኮርታው መተንፈሱን የሚያውቀው በቸገረው ቀን ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን የወረደ ሾፌር ይህን ከእኔ አይማርም፤ በማርሽ ነው የሚወረደው። አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ እሱ ላይ አድርገው። ፍሬን ረግጦ ታች የደረሰ ሰው የሸራውን ሽታ ከሩቅ ታውቀዋለህ።

ነዳጅ የት እንሙላ? ኤሌክትሪክ የያዝንስ?

ፓረምፕ ላይ ሙሉ። ካሊፎርኒያ ስትገቡ ዋጋው ይዘላል፣ ዴዝ ቫሊ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሊ ቫይኒንግ ላይ እንደገና ሙሉ፤ ዮሴሚቲ ሸለቆ ውስጥ ማደያ የለም። ቴስላ የያዛችሁ ሎን ፓይንና ማሞዝ ፈጣን ቻርጀር ታገኛላችሁ። ዳገት ባትሪ ይበላል፤ ስክሪኑ ያሳየውን ማይል ሙሉ በሙሉ አትመኑት።

መግቢያው ስንት ነው?

ለአንድ መኪና፣ ለ7 ቀን፣ ዴዝ ቫሊ 30 ዶላር፣ ዮሴሚቲ 35 ዶላር ነው። በዓመቱ ውስጥ ሌላ ፓርክም የሚያይ የአሜሪካ ነዋሪ በ80 ዶላር የዓመቱን ካርድ ቢገዛ ይሻለዋል። ከ2026 ጀምሮ ዮሴሚቲን ጨምሮ 11 ፓርኮች ውስጥ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ ተጨማሪ 100 ዶላር ተጥሎበታል። ከአገር ቤት እንግዳ ያላችሁ ይህን አስቡበት። ዮሴሚቲ በአንዳንድ ዓመት ቀድሞ ማስመዝገብም ይጠይቃል፤ የፓርኩን ድረ ገጽ እዩ።

ምግብ ከቤት ብንይዝ?

ያዙ። በረሃው ላይ እንጀራ ተከፍቶ ከተቀመጠ በአሥር ደቂቃ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ድርቆሽ ነው የሚያዋጣው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፤ አባቶቻችን ለእንዲህ ዓይነት መንገድ ነው የፈጠሯቸው። ዮሴሚቲ ስትደርሱ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ድቡ የመኪና በር ገንጥሎ ይገባል። ማታ ምግብ መኪና ውስጥ አይታደርም፤ ካምፑ ላይ ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ምግብ ብቻም አይደለም፤ የጥርስ ሳሙናም፣ የፀጉር ቅባትም። በርበሬና ንጥር ቅቤ የያዘ ሰው ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ይፈትሽ።

ስልክ ይሠራል?

ዴዝ ቫሊ ውስጥ በአብዛኛው አይሠራም። ካርታውን ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዱ። መኪና ከቆመባችሁ ከመኪናው አትራቁ፤ የሚፈልጋችሁ ሰው ከሰው ይልቅ መኪና ቶሎ ያያል።

ዳናኪልን አይቻለሁ። ዴዝ ቫሊ ምን ይጨምርልኛል?

በጥልቀት ዳናኪል ይበልጣል፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጨውም ከሆነ፣ አሞሌ ሲቆረጥና ግመል ሲጫን ያየ ሰው ባድዎተር ላይ ባዶ ሜዳ ነው የሚያየው። የዴዝ ቫሊ ጉዱ ጎረቤቱ ነው። ከአላስካ ውጭ የአሜሪካ ከፍተኛው ተራራ፣ 4,421 ሜትሩ ዊትኒ፣ ከባድዎተር በቀጥታ 85 ማይል ገደማ ነው። ጠዋት ጫማህ ሥር ጨው ሲንኮሻኮሽ ትሰማለህ፤ ማታ ሎን ፓይን ቡና እየጠጣህ ዊትኒን ቀና ብለህ ታየዋለህ።

ባለቤቴ ገደል በጣም ትፈራለች። ቲዮጋ እንዴት ነው?

ከሊ ቫይኒንግ ወደ ላይ የሚወጣው ቁራጭ ገደል አለው። ደግነቱ እናንተ ወደ ምዕራብ ስትወጡ የምትይዙት መስመር በተራራው በኩል ነው፤ ገደሉ ከወዲያኛው መስመር ባሻገር ነው። ስትመለሱ ግን ገደሉ በቀኝ፣ በእሷ በኩል ይሆናል። ያን ቀን መሪውን ለእሷ ስጣት።